የወፍ ኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በእንስሳት ስለ መፈተኑ

የዶሮ በሽታ ከዶሮ የማያልፍ ይመስል ነበር። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገደለ፤ ሹማምንቱም በከተማይቱ የነበረውን ዶሮ ሁሉ አስፈጁ። በዚያው አቈጣጠር በ2024 ደግሞ በአሜሪካ በሚታለቡ ላሞች ላይ ተገኘ። ቫይረሱም በወተታቸው እጅግ በዝቶ ታየ፤ በቴክሳስም ጥሬውን ወተት የጠጡ የበረት ድመቶች ሞቱ።

ይህም ለሊቃውንት አዲስ ጥያቄ አስነሣ። በሽታው በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በዐይንና በአፍም የሚገባ ከሆነ፤ በእጅ ያለው መድኃኒት በየበሩ እኩል ይከላከላልን? በሜምፊስ ከተማ ሴንት ጁድ በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል የሚመራመሩት ሊቃውንት ከላም የተገኘውን ቫይረስ ለአይጦች በሦስቱም መንገድ ሰጥተው ሁለት መድኃኒቶችን አስተያዩ፤ ውጤቱንም በ2025 ገለጡ። ፊተኛው ኦሰልታሚቪር ቫይረሱ የተባዛበትን ሕዋስ ለቆ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ሁለተኛው ባሎክሳቪር ግን ገና በውስጥ ሳለ እንዳይባዛ ያግደዋል። በዐይን ከተያዙት አይጦች ባሎክሳቪር የተሰጣቸው ሁሉ ሲድኑ፤ ኦሰልታሚቪር ከተሰጣቸው የዳኑት ከመቶ 25 ብቻ ናቸው። በአፍ የገባው ቫይረስ ግን ለመድኃኒቶቹ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። ጥሬ ወተት መጠጣት ልማድ በሆነበት አገር፤ በኢትዮጵያም ጭምር፤ ይህ በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ወተትን ማፍላት ቫይረሱን ይገድለዋልና፤ ከመድኃኒቱ ሁሉ ዋጋው የሚረክሰውም እርሱ ነው።

አይጥ ሰው አይደለችም የሚል ቢነሣ እውነት አለው። ስለዚህም በ1933 የለንደን ሊቃውንት የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ያስተላለፉባት፤ ታምማም እንደ ሰው የምታስነጥሰው ፌሬት የተባለች ትንሽ እንስሳ እስከ ዛሬ ለምርመራው ታገለግላለች።

ሆኖም መድኃኒትን በእንስሳ መፈተንና መድኃኒትን ለመንጋ መመገብ አንድ አይደለም። የቻይና ገበሬዎች አማንታዲን የተባለውን የሰው መድኃኒት ለዶሮዎቻቸው ይሰጡ እንደ ነበር በ2005 በጋዜጣ ተጽፏል፤ ብዙ የኤች5ኤን1 ዘሮችም ይህንኑ መድኃኒት የሚቋቋሙ ሆነው ተገኝተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2006 አማንታዲንንም ኦሰልታሚቪርንም ለዶሮና ለዳክዬ መስጠትን ከለከለ። መልካም ፍርድ ነው፤ ለሰው የቀረው መሣሪያ ጥቂት ነውና። ገበሬው ግን መንጋውን ለማዳን ቢመኝ የሚነቀፍ አይደለም። በዚያው አገር መንጋው በትእዛዝ ለተፈጀበት ባለቤት መንግሥት የዶሮውን ዋጋ ይከፍላል፤ ካሣ በሌለበት ግን ገበሬው በሽታውን ሸሽጎ የታመመውን ዶሮ ወደ ገበያ ይዞ ይወጣል።