የቤት ዕጣ የደረሰው ልጅ፣ ፊርማ የሚጠየቁ ወላጆች

በቂርያት ጋት ሰው ቤት ለሕክምና ጉብኝት ስገባ፣ ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ለክቼ ሳልጨርስ ወረቀት ይወጣል። "ልጄ የቤት ዕጣ ሞልቷል፤ እኔን ምን ያስፈርሙኛል?" ይሉኛል። ነርስ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ቢሆንም ከመፈረም በፊት ሁላችንም ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ዕጣው ምንድን ነው?

ሞሼ ካሕሎን የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት በ2015 "መሒር ለሚሽታኬን" ተብሎ ተጀመረ፤ ዛሬ "ዲራ ቤሀናኻ" ይባላል። መንግሥት መሬቱን ለካብላን በቅናሽ ይሰጣል፣ ካብላኑ ደግሞ ቤት ለሌላቸው ከገበያ ዋጋ በታች ይሸጣል። ፈላጊው ከቤቱ ስለሚበዛ ዕጣ ይወጣል። የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ዕጣ የምታውቁ ነገሩ አይከብዳችሁም። ልዩነቱ እዚያ የሚያስገነባው መንግሥት ነው፤ እዚህ ግን ገንብቶ የሚሸጠው የግል ካብላን ስለሆነ ውሉም ከእሱ ጋር ነው።

የእኛ ከተማ በዚህ ቀድማለች። በ2013 መንግሥትና ኢሪያው "ሄስኬም ጋግ" የተባለውን ስምምነት ተፈራረሙ። ኢሪያው የግንባታ ፈቃድ ሊያፋጥን፣ መንግሥት ደግሞ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመዋዕለ ሕፃናት ገንዘብ ሊያቀርብ ተስማሙ። ወደ 7,000 የሚጠጉ ቤቶች የታቀዱለት ካርሜ ጋት የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ልጆቻችን ከእኛ ሳይርቁ ቤት የሚገዙበት ዕድል ነውና ሊያልፈን አይገባም።

ከዕጣው በፊት

በመጀመሪያ የቤታችሁን ታቡ ተመልከቱ። "ውርሱ ይቅለል" ብለው የልጃቸውን ስም በቤታቸው ላይ የሚያስመዘግቡ ወላጆች አሉ። ልጁ ከቤቱ ከሲሶ በላይ ድርሻ ካለው ግን "ሐሳር ዲራ" መሆኑ ሊቀርና መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ስም ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። ከቤቶቹ የተወሰኑት ለከተማው ልጆች፣ ለ"ብኔ ማኮም"፣ ይቀመጣሉ። ለዚህ የሚታየው በከተማው የኖሩበት ዘመን ነው። ልጃችሁ ሌላ ከተማ ሄዶ አድራሻውን ከመቀየሩ በፊት የዕጣውን ማስታወቂያ ያንብብ።

ዕጣው ከወጣ በኋላ

ዕጣ የደረሰው ሰው ገና ቤት አልገዛም፤ ለመግዛት ተራ ደረሰው እንጂ። ለመጀመሪያ ቤት ባንክ በማሽካንታ የሚያበድረው በደንቡ እስከ 75 በመቶ ነው። የቀረው ከቤተሰቡ እጅ ይወጣል። ግንባታው እስኪያልቅም ኪራዩ አይቆምም።

ዋጋውም በግንባታ ዕቃዎች መዳድ መጠን ሊጨምር ይችላል። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ሕጉ ከመዳዱ ጋር እንዲያያዝ የሚፈቅደው ከዋጋው 40 በመቶውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ቤቱ 1,000,000 ሼቅል ቢሆንና መዳዱ 5 በመቶ ቢጨምር፣ ጭማሪው 20,000 ሼቅል ነው። ይህን ገንዘብ ቀድማችሁ አስቡት።

ካብላኑ ከዋጋው ከ7 በመቶ በላይ ከመቀበሉ በፊት የባንክ ዋስትና ወይም ሌላ በሕግ የታወቀ መያዣ መስጠት አለበት። የካብላኑ ጠበቃ የእናንተ ጠበቃ እንዳልሆነም እወቁ፤ ውሉን የራሳችሁ ጠበቃ ያንብብላችሁ።

በመሒር ለሚሽታኬን የተገዛ ቤት ነዋሪ ከሚገባበት ጊዜ 5 ዓመት ወይም ከዕጣው 7 ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው እስኪሞላ አይሸጥም። ማከራየት ግን ይቻላል።

የእናንተ ፊርማ

ዋስ መሆን ምስክር መሆን አይደለም። ልጁ መክፈል ቢያቅተው ባንኩ ወደ ዋሱ ይመጣል። የራሳችሁን ቤት ማስያዣ ካደረጋችሁ ደግሞ አደጋው በጣሪያችሁ ላይ ነው። የልጅን ማሽካንታ ለማገዝ ብሎ መድኃኒቱን ቀን እየዘለለ የሚውጥ አባት፣ በመጨረሻ ልጁን ከባንኩ ዕዳ ሌላ የሆስፒታል ጭንቀትም ይጨምርበታል።

በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ሲቀርብላችሁ "በአማርኛ አስረዱኝ፣ ቤቴ ወስጄ ላስነብበው" ማለት ነውር አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ በወር የሚከፈለው፣ በወር የሚገባው፣ ከኪራይ፣ ከምግብና ከመድኃኒት በኋላ የሚተርፈው። ሦስተኛው ቁጥር ለወር ክፍያው ካልበቃ፣ ቅናሹ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ፊርማው ይቆይ።