በሩ ተከፈተ፤ ካዝናውስ?

የቺሊ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ያልተለመደ ነገር አደረገ። ከየትም አገር የመጣ ጀማሪ ድርጅት ሳንቲያጎ ተቀምጦ ለጥቂት ወራት ቢሠራ 40 ሺህ ዶላር ገደማ እሰጠዋለሁ፣ ከአክሲዮኑም ቅንጣት አልወስድበትም አለ። «ስታርትአፕ ቺሊ» የተባለው ይህ ፕሮግራም ስሙ በብዙ አገሮች ተሰማ። አምስት ዓመት ቆይቶ ግን ሌላ በር መክፈት ግድ ሆነበት። በ2015 ገና በሐሳብ ደረጃ ላይ ላሉ፣ ሴቶች ለሚመሯቸው የቴክኖሎጂ ሥራዎች «ኤስ ፋክቶሪ» የተባለ የተለየ መርሐ ግብር ጀመረ። ለሁሉም ክፍት ነው በተባለው በር የሚገቡት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩና።

ክርክሩ ከቺሊ በፊትም ነበረ፣ ዛሬም አልበረደም። ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጅ አክስለሬተር እውነት ያፈጥናቸዋል? ወይስ ትልቁን አዳራሽ ለወንዶች ትቶ እነሱን ወደ ጓዳ ይመልሳቸዋል?

አክስለሬተር ሲባል ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ አመልካቾች ጥቂት ድርጅቶች ይመረጣሉ፤ ሦስት ወር ያህል አንድ ላይ ይሠራሉ፣ ይመከራሉ፣ ይተቻሉ፤ በመጨረሻ ባለሀብቶች ይሰበሰቡና እያንዳንዱ መሥራች በጥቂት ደቂቃ ሥራውን ያስረዳል። ይህን መንገድ የቀየሰው በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ዋይ ኮምቢኔተር ነው። (ከአራቱ መሥራቾቹ አንዷ ጄሲካ ሊቪንግስተን ሴት መሆኗ ብዙም ሲነሳ አይሰማም።)

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚሠራው የቱ ነው? ሁዋኒታ ጎንሳሌስ-ኡሪቤ እና ማይክል ሌዘርቢ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት ስታርትአፕ ቺሊን ከውስጥ ፈትሸውታል። በጥቂት ነጥብ ያለፉትንና በጥቂት ነጥብ የወደቁትን አስተያዩ። ገንዘቡንና የቢሮውን ቦታ ብቻ ያገኙት፣ ምንም ካላገኙት እምብዛም አልተለዩም። ለውጥ የታየው ከገንዘቡ ጋር ጠበቅ ያለ ክትትል በተደረገላቸው ላይ ነው፤ ግብ አስቀምጠው፣ በየጊዜው እየተጠሩ «ያላችሁት የት ደረሰ?» የሚባሉት። እቁብ የሚጥል ሰው ይህ አይገርመውም። ሰውን የሚያስቆጥበው ብሩ ሳይሆን ቀጠሮውና የዳኛው ዓይን ነው።

የሥልጠናው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት በ2017 ሲታተም፣ ሒሳብ አያያዝና ግብይት የሚያስተምረው የተለመደው ኮርስ የሴቶቹን ትርፍ ፈቀቅ አላደረገውም። ቀድሞ ማሰብን፣ በራስ ተነስቶ መጀመርን የሚያለማምደው ግን ትርፋቸውን 40 በመቶ ያህል ከፍ አደረገው። እነዚህ የሎሜ ሴቶች መተግበሪያ የሚሠሩ አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን ለሚሠሩትም ይደርሳል።

ስለዚህ ሥልጠና ከንቱ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል። ችግሩ ከሥልጠናው ማግስት ይጀምራል። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2019 እንዳስታወቀው፣ በታዳጊ ገበያዎች በአክሲዮን መልክ ድርጅቶች ውስጥ ከሚገባው የግል ባለሀብቶች ገንዘብ ሴቶች ለሚመሯቸው የደረሰው 7 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ገንዘብ ከሚመድቡት ከፍተኛ ባለሙያዎች መካከልም ሴቶቹ 11 በመቶ ነበሩ። ተቋሙ በቀጣዩ ዓመት አክስለሬተሮቹን ራሳቸውን ሲመረምር ደግሞ ያልታሰበ ነገር ወጣ። በወንዶችና በሴቶች መሪዎች መካከል ያለው የአክሲዮን ገንዘብ ልዩነት ከሥልጠናው በኋላ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ወንዶቹ ሸሪክ ሲያገኙ ሴቶቹ ያገኙት ይበልጡን ብድር ነው።

ለምን? አንዱ ፍንጭ ኒው ዮርክ ውስጥ ጀማሪዎች ሥራቸውን ለባለሀብቶች ከሚያቀርቡበት መድረክ የተገኘ ነው። ተመራማሪዎች ባለሀብቶች ለመሥራቾች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ሰብስበው ቆጠሩ። ወንዶቹ ከተጠየቁት 67 በመቶው ስለ ማደግ ነበር፤ ሴቶቹ ከተጠየቁት 66 በመቶው ስለ አለመክሰር። እሱን «ስንት ደንበኛ ታመጣለህ?» እሷን «ያሉሽን ደንበኞች እንዴት ታቆያለሽ?» እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ቢሆን ግሡ ራሱ ያሳብቅ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሚያሳብቀው የጥያቄው አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለ ኪሳራ የተጠየቀ ስለ ኪሳራ ይመልሳል፣ የሚሰጠውም ገንዘብ ያንሳል። ጠያቂዎቹ ሴቶች ሲሆኑም ልማዱ ያው ነበር። ስለዚህ 11 በመቶው ወደ 50 ቢያድግ እንኳ ነገሩ በዚያ ብቻ ይቃናል ማለት ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ አይስአዲስ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ፣ በኋላም በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የተመሠረተው ብሉሙን ጀማሪዎችን አቅፈው አሠልጥነዋል። ተመራቂዎቹን ከውጭ የሚጠብቃቸው ግን በአብዛኛው ባንክ ነው፤ ባንክ ደግሞ ማስያዣ ይላል። የሶፍትዌር ድርጅት የሚያስይዘው ማሽን እንኳ የለውም፤ ያለው ላፕቶፕና ሐሳብ ነው። ቤቱስ በማን ስም ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር፤ የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ ባልና ሚስት ንብረታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ የተደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ የቤት ካርታ ግን ትውልድ ይፈጃል። የማይክሮ ፋይናንሱ ብድር ደግሞ ለሚያድግ ድርጅት ጠብታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮግራም የገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ተጠቃሚዎቹ በብዛት የቴክኖሎጂ ሰዎች አይደሉም፤ ከሥልጠናው ጎን ለጎን ካዝናውን መንካቱ ግን ለቴክኖሎጂ መሥራቾችም ጉዳይ ነው። ቤት ማስያዝ ለማይችሉ ሴቶች በማስያዣ ፋንታ የሥነ ልቦና መለኪያ ፈተና ተሞከረ፤ ተበዳሪዋ ስለ አስተሳሰቧና ስለ አመሏ ጥያቄዎች ትመልሳለች፣ አበዳሪው ውጤቷን ያያል። ከፍተኛ ውጤት ያመጡት፣ ዝቅተኛ ካመጡት ይልቅ ብድራቸውን የመመለስ ዕድላቸው ሰባት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።