ከግለሰብ የተገዛ ውድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በመንገድ ላይ ቢጎዳ ኪሳራው የማን ነው?

ባሕር ዳር፡- የመኸር ሰብል ተሰብስቦ የበጋ መስኖ ሥራ ሲጀመር የውኃ መሳቢያ ሞተር ፈላጊው ይበዛል። የነዳጅ ወጪና ወረፋ ያታከተው አርሶ አደር ፊቱን ወደ ፀሐይ ኃይል ሲመልስ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው የዋጋ ጉዳይ ነው። ከሶላር ሰሌዳ የሚገኘውን ኃይል ለሞተሩ እንዲስማማ አድርጎ የሚያቀርበው ኢንቨርተር አዲሱ ከአቅም በላይ ሲሆን ያገለገለውን ፍለጋ ይጀመራል። ሻጩም ብዙ ጊዜ ሱቅ ያለው ነጋዴ ሳይሆን ዕቃውን ተጠቅሞበት ወይም ሥራ ቀይሮ የሚሸጥ፣ አዲስ አበባ የሚኖር ግለሰብ ነው። የከተማ ነዋሪውም ላፕቶፕ፣ ካሜራ ወይም የሕትመት ማሽን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

እንበል፤ በፎገራ ሜዳ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ አርሶ አደር በቴሌግራም የተለጠፈ ያገለገለ ኢንቨርተር አይቶ በ90 ሺህ ብር ተስማማ። ገንዘቡን በስልክ ላከ፤ ሻጩም ዕቃውን በካርቶን አሽጎ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠ። ወረታ ላይ ሲከፈት የውስጡ ሰሌዳ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሻጩ “ደህና አድርጌ ሰጥቻለሁ” ይላል፤ ረዳቱ “በተሰጠኝ መልኩ አድርሻለሁ” ይላል። ደረሰኝ የለም፤ የተጻፈ ውል የለም፤ ዕቃው ከመላኩ በፊት ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃም የለም። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ገዥው ግን የሚጠይቀው ሰው አላገኘም።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የተሸጠ ዕቃ ላይ የሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት ከሻጭ ወደ ገዥ የሚተላለፈው በዋናነት ርክክብ ሲፈጸም ነው። ጥያቄው ርክክብ የተፈጸመው የት ነው የሚለው ይሆናል፤ ሻጩ ዕቃውን ለረዳቱ ባስረከበበት መናኸሪያ ነው ወይስ ገዥው ወረታ ላይ በተቀበለበት ሰዓት? ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። በመሆኑም ዕቃው እስከ የት ድረስ በሻጩ ኃላፊነት እንደሚቆይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ከማንኛውም ውድ ማሸጊያ በላይ ገዥውን ይጠብቃል። ከግለሰብ ሲገዛ ደግሞ የሱቅ ደረሰኝ ስለማይኖር የዕቃውን ዓይነት፣ የመለያ ቁጥር፣ ዋጋና ያለበትን ሁኔታ የያዘ፣ በምስክሮች ፊት የተፈረመ የሽያጭ ውል ያስፈልጋል። ውሉ ሦስት አገልግሎት አለው፤ ዋጋውን ለመድን ሰጪው ያስረዳል፣ የባለቤትነት ማረጋገጫ ይሆናል፣ ዕቃው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝም ገዥው በቅን ልቦና መግዛቱን ለማስረዳት ይረዳዋል።

ከክፍያ በፊት ዕቃውን በአካል የሚያይ ሰው መኖር አለበት። አብዛኛው ገዥ አዲስ አበባ ዘመድ ወይም የሚያውቀው ተማሪ አያጣም። ተመልካቹ ባለሙያ ባይሆን እንኳ ኢንቨርተሩ ከሰሌዳና ከሞተር ጋር ተያይዞ ሲሠራ፣ የመለያ ቁጥሩ በግልጽ እየታየ፣ ሳይቆራረጥ በስልኩ ይቅረጽ። “በርቷል” የሚል ማረጋገጫ ብቻውን አይበቃም፤ ኢንቨርተር መብራቱ በርቶ ሸክም ሲጫንበት የሚወድቅበት ጊዜ አለና። ለላፕቶፕ ባትሪው፣ ስክሪኑና የመለያ ቁጥሩ ይታይ። ለስልክ ደግሞ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ *#06# ሲጻፍ የሚመጣው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ሻጩም ቢሆን ገንዘብ መግባቱን የሚያረጋግጠው በራሱ ሒሳብ ገብቶ በማየት እንጂ በተላከለት የደረሰኝ ፎቶ ሊሆን አይገባም።

ወደ ማሸጉ ስንመጣ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣ ዕቃ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ደጀን ይወጣል። በዚህ ቁልቁለትና ዳገት፣ በየከተማው መግቢያ ባሉ የፍጥነት መግቻዎች፣ በሚጫንና በሚራገፍ ሌላ ሸክም ሁሉ ዕቃው ይናጣል። ኤሌክትሮኒክስን በብዛት የሚጎዳው አንድ ትልቅ ውድቀት ብቻ አይደለም፤ ለሰዓታት የሚቆይ ትንንሽ ንቅናቄም ብሎን ያላላል፣ ከባድ ክፍሎችን ከተበየዱበት ሰሌዳ ያላቅቃል። በኢንቨርተር ውስጥ ያሉት መጠምጠሚያዎችና ካፓሲተሮች ከሰሌዳው አንጻር ከባድ ስለሆኑ ቀድመው የሚለቁት እነርሱ ናቸው።

መፍትሔው ካርቶን በካርቶን ውስጥ ማድረግ ነው። ዕቃው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በመጀመሪያው ካርቶን ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል፤ ያ ካርቶን ደግሞ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ በተነጠፈበት ትልቅ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሲወዘወዝ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ገና አልታሸገም ማለት ነው። ክብደቱ የበዛ ኢንቨርተር በግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት ብሎን ከጣውላ ጋር ቢታሰር የተሻለ ነው። በአንዳንድ አካባቢ በጭድ የመሙላት ልማድ አለ፤ ጭድ ለእንቁላል ይሆን ይሆናል፣ ለኤሌክትሮኒክስ ግን አይሆንም። አቧራውና እርጥበቱ በማቀዝቀዣው ቀዳዳ ይገባል፣ በጉዞ ላይም እየተደለደለ ቦታ ይለቃል። የማዳበሪያ ጆንያም ከውጭ ለመጠቅለያ እንጂ ከዕቃው ጋር ተነካክቶ እንዲቀመጥ የሚሆን አይደለም፤ የቀረው ማዳበሪያ እርጥበት ስቦ ብረትን ያዝጋል። የሶላር ሰሌዳ ከሆነ ተደራርቦ ከሚተኛ ይልቅ በጠርዙ ቆሞ፣ ተደግፎና ታስሮ ቢጓዝ ይመረጣል፤ መስታወቱ ሳይሰበር በውስጡ ያለው ሴል በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ሊጎዳ ይችላልና።

ባትሪ የራሱ ሕግ አለው። የሊቲየም ባትሪ አቅም በዋት ሰዓት ይለካል፤ ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ ማለት ነው። ተሳፋሪ በእጅ ሻንጣው ይዞት ሊሳፈር የሚችለው መለዋወጫ ባትሪ በተለመደው ደንብ እስከ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 160 ዋት ሰዓት ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለቤት መብራት የሚውለው ባለ 12.8 ቮልትና ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1 ሺህ 280 ዋት ሰዓት ስለሆነ በምንም መልኩ በሻንጣ አይገባም። ለብቻው የተላከ የሊቲየም አዮን ባትሪ ከመጋቢት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይጫን በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም ቻርጁ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነው። በየብስ ሲላክም ሁለቱ ጫፎች በፕላስተር ካልተሸፈኑ ከብረት ጋር ሲነካኩ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ለእሳት ያጋልጣሉ። ባትሪ መኖሩን ለአጓጓዡ ደብቆ መላክ የሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ነው።

የአጓጓዥ ምርጫ ከዋጋ በፊት የወረቀት ጉዳይ ነው። ለረዳት በእጅ የሚሰጥ ዕቃ በርካሽና በፍጥነት ይደርሳል፤ ሲጠፋ ግን ደረሰኝ ከሌለ አጓጓዡ ዕቃውን መቀበሉን ማስረዳት ያስቸግራል። በኢትዮጵያ ፖስታ የፈጣን መልዕክት አገልግሎት፣ በአየር መንገድ ጭነት ወይም ደረሰኝ በሚሰጥ የትራንስፖርት ድርጅት የሚላክ ዕቃ ቢያንስ የተቀባይነት ሰነድ አለው። በሰነዱ ላይ “ካርቶን 1” ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ብዙ አይጠቅምም፤ የዕቃው ምንነት፣ ክብደትና ዋጋ ሊጻፍ ይገባል።

ሰነድ መኖሩ ግን ሙሉ ካሣ ይገኛል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት በዓለም አቀፍ በረራ በጭነትነት ለሚላክ ዕቃ የአየር አጓጓዡን ተጠያቂነት በኪሎ ግራም ይወስነዋል። ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ልዩ የመሳቢያ መብት ነው። አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የላከው 2 ኪሎ የሚመዝን ላፕቶፕ ቢጠፋ በዚህ ስሌት የሚገኘው 52 መለኪያ፣ ማለትም ከ70 የአሜሪካ ዶላር እምብዛም ያልራቀ ገንዘብ ነው። ላኪው ዋጋውን አስቀድሞ ካላሳወቀና ተጨማሪ ክፍያ ከተጠየቀም ካልከፈለ ላፕቶፑ 1 ሺህ ዶላር መሆኑ ስሌቱን አይለውጠውም።

መድን የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሠሩት የግል መድን ኩባንያዎች የጭነት መድን ይሸጣሉ። ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚገባ ውል ስላለ ነጋዴ መሆን አይጠይቅም። ውሉ ግን ዕቃው ከመነሳቱ በፊት መፈረምና አረቦኑ መከፈል አለበት፤ ዕቃው መንገድ ላይ ጠፍቶ ከተሰማ በኋላ የሚገባ መድን የለም። ገዥው ዕቃው ያገለገለ መሆኑንም መደበቅ የለበትም። አዲስ አስመስሎ ያስመዘገበ ሰው በኋላ ካሣውን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል።

የንግድ ሕጉ የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን፣ ካሣውም ዕቃው አደጋው በደረሰበት ዕለት ካለው ዋጋ እንደማይበልጥ ይደነግጋል። በመሆኑም 90 ሺህ ብር የሚያወጣን ኢንቨርተር በ150 ሺህ ማስመዝገብ አረቦን ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። በተቃራኒው አረቦን ለመቀነስ በ45 ሺህ ያስመዘገበ ሰው በብዙ ውሎች አሠራር ግማሹን አደጋ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል፤ 30 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው 15 ሺህ ነው። ከዚያም ላይ ውሉ ተቀናሽ ካለው ይቀነሳል።

ከመፈረም በፊት በጥንቃቄ መነበብ ያለበት የማይሸፈነው ዝርዝር ነው። በቂ ባልሆነ ማሸጊያ የመጣ ጉዳት፣ የዕቃው የራሱ ውስጣዊ ብልሽት፣ በመዘግየት የሚመጣ ኪሳራ በተለመዱት የጭነት መድን ውሎች ውጭ ናቸው። በሰዓቱ ባልደረሰ ኢንቨርተር ምክንያት የደረቀ ሽንኩርት ካሣ አያስገኝም ማለት ነው። ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ደግሞ ከውጭ የመመታት ምልክት ሳይኖር “ሲደርስ አልሠራም” የሚለውን ጥያቄ መድን ሰጪዎች በአብዛኛው አይቀበሉም። ጦርነትና ሁከትም በመደበኛው ውል አይሸፈኑም። መንገድ በጸጥታ ምክንያት በሚዘጋበትና ዕቃ በሚዘረፍበት ጊዜ ይህ ጥቃቅን ፊደል ዋናው ጉዳይ ስለሚሆን፣ ተጨማሪ ሽፋን መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ማስመለስ ይገባል። በተጨማሪም መድን ከአጭበርባሪ ሻጭ አይጠብቅም፤ በካርቶኑ ውስጥ ከመጀመሪያው ጡብ ከነበረ በመንገድ ላይ የጠፋ ኢንቨርተር የለም። ለዚህ ነው ዕቃው ሲታሸግ የገዥው ወገን መገኘትና የካርቶኑ መዝጊያ ላይ መፈረም ያለበት።

ዕቃው ሲደርስ ካርቶኑ አጓጓዡ ባለበት ከአራቱም ጎን ፎቶ ይነሳ፤ ከዚያም ይከፈት። መቀደድ፣ መርጠብ ወይም መጨፍለቅ ካለ ከፊርማ በፊት በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። “በደህና ተረክቤአለሁ” ብሎ የፈረመ ሰው በአጓጓዡ ላይ ያለውን መብት ያዳክማል፤ መድን ሰጪው ካሣ ከከፈለ በኋላ አጓጓዡን የሚጠይቀው በዚያው መብት ስለሆነ እርሱም ለመክፈል ያንገራግራል። ጉዳቱ ለመድን ሰጪው ወዲያውኑ ይነገር፤ ካርቶኑና ስፖንጁ ገማቹ እስኪያያቸው አይጣሉ። የተሰበረውንም አስቀድሞ ማስጠገን ማስረጃ ማጥፋት ይሆናል። በመንገድ ሳይሆን ከሻጩ ዘንድ የመጣ የተደበቀ ጉድለት ከሆነ ደግሞ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዥው ዕቃውን በተቻለ ፍጥነት መርምሮ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ስለሚጠይቅ፣ መስኖው እስኪጀመር ብሎ ዕቃውን ሳይከፍቱ ጎተራ ውስጥ ማስቀመጥ መብት ያሳጣል።

ከደጋ ብርድ ወደ ሞቃት አካባቢ ወይም በዝናብ የመጣ ዕቃ እንደተከፈተ አይበራም። ቀዝቃዛው ብረት ከሞቃቱ አየር ጤዛ ይስባልና በደረቅና ነፋሻ ቦታ ለበርካታ ሰዓታት፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ይቆይ። ከዚያም ብሎኖቹ ይጥበቁ፣ የሶላሩ አዎንታዊና አሉታዊ ሽቦ በመለኪያ ይረጋገጥ፤ የመጀመሪያው ሙከራም በአካባቢው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ፊት፣ ካሜራው እየቀረጸ ይደረግ።