ጠበልና የመጠጥ ልክ፡- የኩላሊት እጥበት ለሚያደርጉ ምእመናን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከአዊ ዞን ተነሥቶ ለኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ወደ ባሕር ዳር የሚመላለስ ምእመን ከእንጅባራ 120፣ ከዳንግላ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ለካህኑም ለሐኪሙም የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፤ ጠበል ልጠጣ? ብጠጣስ ምን ያህል?

ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ውኃ በሽንት ያስወግዳል። ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመ ሰው የጠጣው ግን በሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። የእጥበት መሣሪያው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን ለአራት ሰዓት ያህል እየሠራ ይህን ያወጣል። በመካከሉ የተጠጣ አንድ ሊትር ውኃ በሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ሆኖ ይታያል። ትርፉ እግርን ያሳብጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲበዛም በሳንባ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። ብዙውን በአንድ ጊዜ ማውጣትም ቀላል አይደለም፤ ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ ጡንቻ ይሸማቀቃል፣ ልብም ይጎዳል።

ስለዚህ ሐኪሞች ትርፍ ውኃ የሌለበትን ክብደት «ደረቅ ክብደት» ብለው ይወስኑና በሁለት እጥበቶች መካከል ያለው ጭማሪ ከዚያ ከ4 በመቶ ብዙ እንዳያልፍ ይመክራሉ። ደረቅ ክብደቱ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ 2.4 ኪሎ ገደማ ነው። የቀን መጠጥ ልክ በአብዛኛው በቀን በሚወጣው ሽንት መጠን ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ተጨምሮ ይሰላል፤ የእያንዳንዱን ልክ ግን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሻይ፣ ቡና፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ጠላ ሁሉም ከልኩ ይቆጠራሉ። ጠበልም እንዲሁ።

በአንዳንድ የጠበል ቦታዎች በማለዳ በብዛት መጠጣት የተለመደ ነው። ሽንት ለማይወጣው ሰው ይህ አደጋ ነው፤ የጠበል ቦታ አገልጋዮችም ይህን ልናውቅ ይገባናል። በረከት በሊትር አይሰፈርም። ከሥጋ ወደሙ ጥቂቱን የተቀበለ ሙሉውን ክርስቶስን ተቀብሏል ብለን የምናስተምር እኛ፣ ጠበልን በጣሳ ብዛት ልንለካው አንችልም። ንዕማን በዮርዳኖስ ታጠበ፤ ዕውር ሆኖ የተወለደውም በሰሊሆም ታጠበ፤ ሁለቱም ጠጡ አልተባሉም። ስለዚህ በእምነት አንድ ጉንጭ መቅመስ ይበቃል።

መጠመቅ ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው። በአንገቱ ወይም በደረቱ የእጥበት ቱቦ የገባለት ሰው ቱቦውን ውኃ ሊነካው አይገባም፤ ተሕዋስያን በቀጥታ ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉና። ለአጥማቂው ካህን አስቀድሞ ነግሮ እጅና እግሩን ብቻ ይረጭ። ጠበል ገብቻለሁ ብሎ እጥበትን ማቋረጥም የእምነት ምልክት አይደለም።

ጥምን የሚያበረታው ከሁሉ በላይ ጨው ነው። ጨው እየበሉ ውኃ መቆጠብ ከንቱ ድካም ነው! የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋልና ለሕመምተኛው ያለ ጨው ለብቻ ቢዘጋጅለት መልካም ነው። የአካባቢው ድንችም ልብን የሚያውክ ፖታሲየም ስላለው ተልጦና ተከትፎ በብዙ ውኃ ይቀቀል፤ ውኃውም ይደፋ።

ስለ ጾም የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል፤ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ የሕሙማንን ድካም አልዘነጋም። በዝክርና በማኅበር፣ በእንጅባራ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓልም፣ «ካልጠጣህልኝ» ብሎ ሕመምተኛን ማስጨነቅ ፍቅር አይደለም። ትንሽ ሲኒ ይሰጠው።

መንገድ ተዘግቶ የእጥበት ቀን ቢያልፍ መጠጡና ጨው ከወትሮው ይበልጥ ይቀነሱ፤ ለእጥበት ማእከሉም ይደወል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ግን ንጋትን ሳይጠብቁ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።