ሞቃት ቀለም ያለው የፎቶግራፍ ወረቀት በአነስተኛ ዋጋ ስለ መምረጥ

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በጨለማ ክፍል ውስጥ ለሚያትም ተማሪ ዋናው ወጪ የወረቀት ዋጋ ነው። በተለይም ጥቁሩ ወደ ቡናማ የሚያደላው፣ «ሞቃት» የሚባለው ወረቀት ከተራው ይልቅ ይወደዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሞቃት ቀለም ከየት እንደሚመጣ መግለጽና ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን በምን ላይ ማዋል እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከአዊ ነው።

፩. የቀለሙ ምክንያት

በወረቀቱ ላይ በተቀባው ጄላቲን ውስጥ ብርሃን የሚለውጣቸው የብር ጨዎች አሉ። ብር ብሮማይድ የሚበዛበት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ጥቁር ይሰጣል፤ ብር ክሎራይድ በብዛት የተቀላቀለበት ግን ወደ ቡናማ ያደላል። ምክንያቱም ምስሉን የሚሠሩት የብር ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ሲሆኑ ሰማያዊውን ብርሃን አብልጠው ስለሚውጡ ለዓይናችን ቡናማ ሆነው ይታያሉ።

ከዚህ ሌላ የወረቀቱ መደብ ራሱ ነጭ ወይም ክሬም ሊሆን ይችላል። የምስሉን ቀለምና የመደቡን ቀለም አለመለየት ገንዘብ ያስጠፋል። ለምሳሌ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል እንውሰድ። የጋላቢው ፊትና የፈረሱ ገላ በሞቃት ጥቁር ያምራሉ፤ ነጩ ጋቢ ግን ክሬም መደብ ላይ ሲታተም ያደፈ ይመስላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ምስል መደቡ ነጭ የሆነ ሞቃት ወረቀት ይመረጣል። ክሬም መደብ የሚስማማው ጥላ ለበዛበት የቤት ውስጥ ምስል ነው።

፪. ገበያውና ስሌቱ

ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ወረቀት መሥራቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 አቁሟል፤ በሞቃት ወረቀቱ የታወቀው የሀንጋሪው ፎርቴም በ2007 ተዘግቷል። ከቀሩት መካከል የእንግሊዙ ኢልፎርድ «ማልቲግሬድ ዋርምቶን»ን፣ የቼኩ ፎማ ደግሞ «ፎማቶን»ን ይሠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው የሚቀለው የፎማ ነው።

ዋጋ ሲነጻጸር በፓኮው ሳይሆን በስፋቱ ይሁን። 20 በ25 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ወረቀት 500 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ ለአራት ቢቆረጥ አራት ትንንሽ ፎቶግራፎች፣ ወርዱ 5 ሳንቲሜትር ሆኖ ቢሰነጠቅ አምስት መሞከሪያዎች ይወጡታል። ባለ 100 ፓኮ ከባለ 25 ይልቅ ለአንዱ ወረቀት የሚደርሰው ዋጋ ያነሰ ስለሆነ ጓደኛሞች አዋጥተው ቢገዙ ይጠቀማሉ።

በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት በጥቂት ደቂቃ ይታጠባል፤ ያልተለበጠው ግን እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ እጥበት ይፈልጋል። ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳ ሰው ይህ ልዩነት ራሱ ዋጋ ነው። እጥበቱ ካነሰ የቀረው መድኃኒት ምስሉን ከዓመታት በኋላ ያጠወልገዋል። በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ቡናማነት ሁሉ የሞቃት ወረቀት ሥራ አይደለም፤ አንዳንዱ የዚህ ብልሽት ምልክት ነው።

ጊዜው ያለፈበት ርካሽ ወረቀት ሲገኝ አስቀድሞ ይፈተን። ብርሃን ካልነካው ወረቀት አንዱ ቁራጭ በዴቨሎፐርና በፊክሰር፣ ሌላው በፊክሰር ብቻ ይለፍ። የመጀመሪያው ግራጫ ሆኖ ከተገኘ ወረቀቱ ተበላሽቷል።

፫. ተራውን ወረቀት ማሞቅ

ሞቃት ወረቀት መግዛት ያልቻለ ሰው ተራውን ወረቀት በሴፒያ ሊለውጠው ይችላል። የታተመው ምስል በፖታሲየም ፌሪሲያናይድና በፖታሲየም ብሮማይድ ከነጣ በኋላ በሰልፋይድ ወይም በታዮዩሪያ መድኃኒት ሲነከር ብሩ ቡናማ የብር ሰልፋይድ ይሆናል። ይህም ምስሉን የበለጠ ዘላቂ ያደርገዋል። ሰልፋይድ እንደ ገማ እንቁላል ስለሚሸትና ጭሱ ስለሚጎዳ ሥራው መስኮት በተከፈተበት ስፍራ ይሁን፤ እጅም በጓንት ይጠበቅ። በሻይ መንከር ግን መደቡን ያቀልመዋል እንጂ ብሩን አይለውጠውም፤ የጋቢውንም ንጣት ያጠፋል።

፬. ስለ ብርድ

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊት ያደረ ውሃ ይቀዘቅዛል። በብዙ ዴቨሎፐሮች ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ኃይሉ እጅግ ይደክማል፤ ምስሉም ገርጥቶ ይወጣል። ጥፋቱ የወረቀቱ መስሎት ውድ ወረቀት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል። የመድኃኒቱን ሳህን ሙቅ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ 20 ዲግሪ ላይ መጠበቅ ይበቃል።

በአጭሩ፣ ለልምምድ በፕላስቲክ የተለበጠ ተራ ወረቀት፣ ቡናማ ቀለም ሲፈለግ ሴፒያ፣ ለቤተሰብ ወይም ለታሪክ ለሚቀመጥ ፎቶግራፍ ብቻ ያልተለበጠ ሞቃት ወረቀት መግዛት ይሻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ገንዘቡ ለቴርሞሜትር ይዋል።