ትዳር ከተያዘ በኋላ ክበብ ምን ያደርጋል?



በክሊኒካችን ወረፋ ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ወጣት እናት በቅርቡ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤ «ሲስተር፣ ባለቤቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ‹ክበብ አለብኝ› እያለ ይወጣል። ለሰው ደግ መሆኑን አልጠላሁበትም። ግን ትዳር ከተያዘ፣ ልጅ ከተወለደ በኋላ ክበብ ምን ያደርጋል?»

ጥያቄዋ ፈገግ አሰኘኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛ ባለቤቴ ይህንኑ ጥያቄ ለእኔ አቅርቦልኝ ነበርና። በየቤቱ ተመሳሳይ ቅሬታ ያላችሁ ባልና ሚስቶች እንደማትጠፉ ስለማምን መልሱን በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

የበጎ ፈቃድ ክበብ ምንድን ነው?

ተባብሮ መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በገጠር ደቦ፣ በከተማ ዕድርና ማኅበር አለን። የወጣቶች የበጎ ፈቃድ ክበብም የእነዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ ዕድር በአብዛኛው የራሱን አባላት ሲረዳ ክበቡ ግን የማያውቀውን ሰው ጭምር ለማገልገል የሚቋቋም መሆኑ ነው።

በዓለም ላይ ከሚታወቁት የዚህ ዓይነት ክበቦች አንዱ ሮታራክት ይባላል። የመጀመሪያው የሮታራክት ክበብ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በምትገኘው በሻርለት ከተማ፣ በሮታሪ ክበብ ድጋፍ ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ የሮታራክት ክበቦች አሉ። አባላቱ እየተሰበሰቡ የአካባቢያቸውን ችግር ይመረምራሉ፤ ለአቅማቸው የሚመጥን ሥራ ይመርጣሉ፤ ጎን ለጎንም ስብሰባ መምራትን፣ ሒሳብ መያዝንና ሰው ፊት መናገርን ይማማራሉ። የአባላቱ ዕድሜ ለብዙ ዓመታት ከ30 እንዳይበልጥ ተወስኖ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ ጣሪያ ተነሥቷል፤ ክበቦች ከፈለጉ ግን የራሳቸውን ገደብ ሊያወጡ ይችላሉ።

እኔ ምን ተማርሁ?

ከነርሶች ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ስመረቅ ማዋለድና መርፌ መውጋት ችዬ ነበር። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ግን ያንቀጠቅጠኝ ነበር። ባልና ሚስት ለምክር ሲመጡ እንኳ እንክብሉን፣ መርፌውንና ሉፑን እንደ ቃል ጥናት አነበንብላቸውና «ገብቷችኋል?» እላቸዋለሁ። «አዎ» ብለው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ግን አልተመለሱም።

በዚያን ጊዜ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በከተማችን ወዳለ የወጣቶች ክበብ ወሰደችኝ። ክበቡ ደም ለጋሾችን ያስተባብር ስለነበር «አንቺ ነርስ ነሽ» ተብዬ በቀበሌ አዳራሽ ትምህርት እንድሰጥ ተመደብሁ። የመጀመሪያው ቀን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ ስቆም አንዲት እናት ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ደም ከሰጠሁ ተመልሶ ይተካል?» አሉኝ። የሚፈሩት ይህንን ነበር። በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር በታች እንደሆነ፣ ፈሳሹ ክፍል በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት እንደሚተኩ ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ ሌላውም መጠየቅ ጀመረ፤ የእኔም ፍርሃት ለቀቀኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በክሊኒክም አሠራሬን ለወጥሁ። መጀመሪያ «ስለዚህ ነገር ምን ሰምታችኋል? የሚያሳስባችሁ ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዷ መርፌው መካን ያደርጋል መባሉን ሰምታ ኖሯል፤ የሌላዋ ባል ደግሞ ሉፑ ወደ ልብ ይሄዳል ብሎ ይፈራል። ሁለቱም እውነት አይደሉም። ሰዎቹ ፍርሃታቸውን ካልተናገሩ ግን ማን ያስረዳቸዋል?

ስም ያልተጻፈበት ደም

አንድ ሌሊት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ፈሰሳት። ለዚህ ችግር ዋናው ምክንያት ማሕፀን ከወሊድ በኋላ በደንብ አለመኮማተሩ ነው። ሆዷን አሸን፤ ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒትም ሰጠን። መድማቱ ቆመ፤ የፈሰሰውን ግን ምንም መድኃኒት አይተካውም። የሚተካው ደም ብቻ ነው። ባሏ በኮሪደሩ ወዲህና ወዲያ ይል ነበር። ከደም ባንክ የመጣው ደም ተሰጣትና ሲነጋ ልጇን አቀፈች።

በከረጢቱ ላይ የሰጪው ስም አልተጻፈም። በቀበሌው አዳራሽ ከጠየቁኝ ሰዎች የአንዱ ይሁን የሌላ አላወቅሁም። ቅዳሜዬ ምን ላይ እንደዋለ ግን በዚያ ሌሊት ገባኝ።

ባለቤቴ ለምን ተቆጣ?

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ባወራለትም ቅሬታው አልበረደም። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ገና ዓመት ሳይሞላት፣ እርሱን ሳላማክር ቅዳሜዎቼን ሁሉ ለክበቡ ሰጥቼ ነበር። አዳራሽ ውስጥ የማላውቀውን ሰው ጥያቄ በትዕግሥት እየሰማሁ፣ ቤቴ ውስጥ ያለውን ሰው አልጠየቅሁትም።

አንድ እሑድ ከቡና በኋላ እንደ ክበባችን ስብሰባ በየተራ ለመነጋገር ተስማማን። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። በወር ሁለት ቅዳሜ ለክበቡ፣ ሁለቱ ለቤታችን እንዲሆን ወሰንን። ከአንዱ ቅዳሜ ደግሞ እርሱም አብሮኝ ይመጣል።

ያን ዕለት ወሬያችን በዚያ አላበቃም። ስለ ቤት ወጪ፣ ቀጥሎም ስለ ሁለተኛ ልጅ ተነጋገርን። ሌሎችን ስመክር የምውል አዋላጅ ነርስ በራሴ ቤት ይህን ጉዳይ አንሥቼው አላውቅም ነበር። ከአንድ ልጅ መወለድ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት ማቆየት ለእናትም ለሕፃንም እንደሚበጅ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይህን ለባለቤቴ ነገርሁት፤ መከላከያውንም አብረን መረጥን።

ክበብ ለመግባት ለምታስቡ

• አስቀድማችሁ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተማከሩ። ቀኑንና ሰዓቱን አብራችሁ ወስኑ።

• የሰበሰበውን ገንዘብና የሠራውን ሥራ ለአባላቱ በግልጽ የሚያሳውቅ ክበብ ምረጡ።

• ትንሽ ቃል ግቡ፤ የገባችሁትን ግን ፈጽሙ።

• ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እናት ደም መስጠት የለባትም። በማስተማርና በማስተባበር ግን ልታገለግል ትችላለች።

• ክበቡን ከቤት ጭቅጭቅ መሸሻ አታድርጉት። የተሸሸ ጭቅጭቅ ስትመለሱ በር ላይ ይጠብቃችኋል።

ያቺ ወጣት እናት በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከባለቤቷ ጋር መጣች። እርሱ ክበቡን አልተወም፤ እርሷም ቅሬታዋን ፊት ለፊት ነገረችው። ስለ መከላከያው ስጠይቃቸው እርሷ ተናግራ እስክትጨርስ ዝም ብሎ አዳመጣት። ክበብ ለትዳር ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይኸው ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? ሁለቱ መድኃኒት የሚሆኑት ግን ሲደማመጡ ነው።

መልካም የትዳር ዘመን ይሁንላችሁ።