በምስሉ ኅዳግ ላይ የሚጓዝ ዝርዝር

በ2004 አሜሪካ ውስጥ ዲቪዲ መቅጃ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ገመዶቹን ሰክቶ፣ የሠፈሩን የፖስታ ቁጥር በሪሞት አስገብቶ ሲጨርስ፣ የመመሪያው ደብተር አንድ እንግዳ ነገር ያዝዘው ነበር፤ መቅጃውን አጥፋውና ተኛ ይለዋል። በማግስቱ ነገሩ ከተሳካለት የከተማው ጣቢያዎች በሰንጠረዥ ተደርድረው ይጠብቁታል። ጥቂት ቀን ከታገሠ ደግሞ የስምንት ቀን ዝርዝር ይሞላለታል፤ ፊልሙ፣ ዜናው፣ ኳሱ፣ ሁሉም ከነሰዓቱ። ልብ በሉ፣ መቅጃው ከስልክ መስመር ጋር አልተገናኘም። ኢንተርኔት የለውም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ሌሊቱን ከየት ገባ? መልሱን ለሰው በነገርኩ ቁጥር ደስታዬን መደበቅ ያቅተኛል። እናንተም እንድትሰሙት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መቅጃው በአጭሩ። ለቤት የሚሆነውን የመጀመሪያውን ዲቪዲ መቅጃ የጃፓኑ ፓዮኒር በ1999 መጨረሻ በአገሩ ገበያ ላይ አወጣ። ፓናሶኒክ ተከተለ፤ ፊሊፕስም በ2001 መጣ። እያንዳንዱ የሚደግፈው የዲስክ ዓይነት የተለየ ነበርና ገዢው ባዶ ዲስክ ለመግዛት በሄደ ቁጥር ዲቪዲ-አርደብሊው፣ ዲቪዲ-ራም፣ ዲቪዲ ፕላስ አርደብሊው እያለ መምረጥ ነበረበት። የ4.7 ጊጋባይቱ ዲስክ በከፍተኛው ጥራት 1 ሰዓት፣ በመካከለኛው 2 ሰዓት፣ ጥራቱ ሲቀንስ 4 ወይም 6 ሰዓት ይይዛል። ቀረጻው ካለቀ በኋላ «ፋይናላይዝ» የሚባለውን ሥራ ሳይሠሩ ዲስኩን ለዘመድ የላኩ ሰዎች፣ የዘመዱ ማጫወቻ አላነብም ሲል ነበር ነገሩ የሚገባቸው።

ጨዋታውን የለወጠው ግን ሃርድ ዲስክ ነው። የፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢ85ኤች 120 ጊጋባይት፣ የቶሺባ አርዲ-ኤክስኤስ34 ደግሞ 160 ጊጋባይት ይዘው መጡ። 120 ጊጋባይት በመካከለኛው ጥራት ወደ 50 ሰዓት ቀረጻ ያስቀምጣል። ሃምሳ ሰዓት ቦታ ያለው ሰው ባዶ ካሴት ፍለጋ መሳቢያ አይበረብርም፤ ጥያቄው ምን ልቅዳ ይሆናል። ለዚህ ነው ሁለቱም መሣሪያዎች «ቲቪ ጋይድ ኦን ስክሪን» የተባለውን የፕሮግራም መመሪያ በውስጣቸው ይዘው የተሸጡት።

ከዚያ በፊት የነበረውን ችግር የቪዲዮ ዴክ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ። ቀን፣ ጣቢያ፣ መጀመሪያ ሰዓት፣ መጨረሻ ሰዓት፣ ጠዋት ይሁን ማታ፤ ከነዚህ አንዷ ከተሳሳተች ካሴቱ ላይ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው። የዴኩ ሰዓት ራሱ 12:00 ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ዓመታት የሚቆይባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። የሂሳብ ሊቁ ሄንሪ ዩን የሚወደውን የቤዝቦል ጨዋታ ሳይቀዳ ስለቀረበት ተበሳጭቶ ከዳንኤል ክዎ ጋር መፍትሔ ፈለገ። በ1990 ያወጡት «ቪሲአር ፕላስ» ቀኑን፣ ጣቢያውን፣ ሰዓቱንና ርዝመቱን ሁሉ ከ1 እስከ 8 አሃዝ ባለው አንድ ቁጥር ውስጥ ጨመቀው። ጋዜጦች ከየፕሮግራሙ ጎን ቁጥሩን ያትማሉ፤ ባለቤቱ ቁጥሩን ብቻ ይነካል። ውበቱ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያያቸው ፕሮግራሞች አጫጭር ቁጥር እንዲደርሳቸው ተደርጎ መቀመሩ ነው። የነዚሁ ሰዎች ኩባንያ፣ ጄምስታር፣ ነው ኋላ ከቲቪ ጋይድ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ዝርዝሩን ከጋዜጣው ወደ ስክሪኑ ያመጣው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። የድሮው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ምስል 525 መስመሮች ነበሩት፤ ዓይን የሚያየው ግን ወደ 480 የሚሆኑትን ነው። የቀሩትስ? በወፍራሙ ቴሌቪዥን ውስጥ ምስሉን የሚስለው የኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ተነሥቶ መስመር በመስመር ወደ ታች ይወርዳል። ታች ሲደርስ እንደገና ወደ ላይ መመለስ አለበት። ለዚያች መመለሻ ተብለው ባዶ የሚተላለፉ መስመሮች አሉ። ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ኅዳጉን ባዶ እንደሚተው ማለት ነው፤ እንደ ብራናውም ሁሉ፣ በኋላ የመጣ ሰው ኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ጻፈበት። መስማት ለተሳናቸው የሚወጣው ጽሑፍ በ21ኛው መስመር ላይ ይጓዝ ነበር፤ በሰከንድ 60 ፊደል ያህል። አውሮፓ ውስጥ ቴሌቴክስት በዚያው ባዶ ቦታ ይሄድ ነበር። የፕሮግራም ዝርዝሩም እንዲሁ። በአሜሪካ ከተሞች በብዛት የተሸከመው የሕዝብ ጣቢያው ፒቢኤስ ነበር። አንዲት እናት ከልጇ ጋር የፒቢኤስን የልጆች ፕሮግራም ስታይ፣ ከማይታየው የምስሉ ጠርዝ ላይ የሌሎቹ ጣቢያዎች ሁሉ የሳምንት ዝርዝር ሳሎኗን እያቋረጠ ያልፋል። ይሄ አያስደንቅም?

አንዴ ይህን ካወቃችሁ የመቅጃዎቹ ባለቤቶች ሲያወሩት የነበረው እንቆቅልሽ ሁሉ ይፈታል። ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው መስመሮቹ ጥቂት፣ ጽሑፉ ግን ብዙ ስለሆነ ነው። መቅጃው መጥፋት ያለበት፣ ጣቢያ ፈላጊው ያለ ሥራ ሲቀመጥ ብቻ ዝርዝሩን የሚሸከመው ጣቢያ ላይ ሄዶ ማዳመጥ ስለሚችል ነው። ሌሊት ፊልም ለመቅዳት ወይም ለማየት ከፍቶት ያደረ ሰው ዝርዝሩ ተቆራርጦ ያገኘዋል። አንዳንድ የኬብል ድርጅቶች ምስሉን ሲያስተላልፉ ባዶ የመሰሏቸውን መስመሮች ያጠፉ ነበር፤ የነሱ ደንበኛ ሳምንት ቢጠብቅም ዝርዝር አይመጣለትም፤ መቅጃው ተበላሽቷል ብሎ ወደ መደብሩ ይመልሰዋል። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ግን ተራ አንቴና ገዝተው ከመቅጃው ጀርባ ይሰኩ ነበር፤ ለማየት ሳይሆን ኅዳጉን ለማንበብ ብቻ።

የኬብል ሣጥን ያላቸው ሰዎች ሌላ ፈተና ነበረባቸው። መቅጃው ሰዓቱ ሲደርስ የሣጥኑን ጣቢያ ራሱ መቀየር አለበት። ለዚህም ጫፉ ላይ ትንሽ የኢንፍራሬድ አምፖል ያለው ቀጭን ገመድ ከመቅጃው ጋር ይመጣ ነበር። ገመዱ ከሣጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንደ ሪሞት ይተኩሳል። አምፖሉ ከቦታው ትንሽ ከተንሸራተተ 37 ሊል የፈለገው 3 ብሎ ይቀራል፤ ባለቤቱም ከሥራ ሲመለስ የሚያገኘው ያላሰበውን ፕሮግራም ነው። ብዙዎች በፕላስተር ለጥፈውታል፤ ድመት ያለበት ቤት ደግሞ ከነካርቶን መከለያው። እኔ በበኩሌ ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ደካማው ይህ ነበር ባይ ነኝ፤ የኬብል ድርጅቶች ራሳቸው የሚያከራዩት መቅጃ ያሸነፈበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የነሱ መቅጃ ከሣጥኑ ጋር አንድ አካል ስለሆነ ገመድ አያስፈልገውም።

ሲሠራ ግን! ባለቤቶቹ ስለ ጎኑ ማስታወቂያ ቢያማርሩም (የሰንጠረዡን ግራ ጠርዝ የያዘ ማስታወቂያ ነበረበት) አንድ ነገር ላይ ይስማሙ ነበር። የፊልሙ ስም ላይ ቆሞ አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ። ቀረጻው ሲያልቅ ስሙ ተጽፎለት ይቀመጣል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው መዝገብ «ጣቢያ 26፣ ማክሰኞ» ሳይሆን የፕሮግራሙ ስም ነው። ከዚያ ማስታወቂያውን ቆርጦ፣ የተወደደውን ወደ ዲስክ ገልብጦ መደርደሪያ ላይ ማኖር። ለዝርዝሩ ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ የለም። በዚያው ዘመን ቲቮ የተባለው ተቀናቃኝ ዝርዝሩን በስልክ መስመር እየደወለ ያመጣ ነበር፤ ሙሉው አገልግሎት ግን ይከፈልበታል። በፓዮኒር ዲቪአር-810ኤች መቅጃ ውስጥ ገብቶ ሲሸጥ በነፃ የሰጠው የ3 ቀን ዝርዝር ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዝርዝር ሊያደርገው አይችልም። ዝርዝር የታሰበውን ያውቃል እንጂ የሆነውን አያውቅም። ኳሱ ወደ ጭማሪ ሰዓት ከሄደ ቀጥሎ ያለው ፊልም መጨረሻው ይቆረጣል። አሜሪካውያኑ ፊትና ኋላ ጥቂት ደቂቃ በመጨመር ይከላከሉት ነበር። ጀርመኖች ግን በ1985 ቪፒኤስ የሚባል ሥርዓት ጀመሩ። ጣቢያው ፕሮግራሙ በእውነት ሲጀመር በዚያው በባዶው መስመር ላይ ምልክት ይልካል፤ ዴኩም ምልክቱን እስኪያይ ይጠብቃል። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ቀረጻውም ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል። ከዝርዝሩ ሁሉ ይልቅ ይህች ትንሽ ምልክት የበለጠ ብልህነት አለባት ብዬ አምናለሁ፤ የምትሠራው ግን ጣቢያው በታማኝነት ከላካት ነው።

በኅዳጉ የተጠቀመው ዝርዝሩ ብቻ አልነበረም። ማክሮቪዥን የተባለው ኩባንያ የፊልም ካሴቶች እንዳይገለበጡ የሚያደርገውን የሚረብሽ ምልክት ያስቀመጠው በነዚሁ የማይታዩ መስመሮች ውስጥ ነው። ከቪዲዮ ቤት የተከራዩትን ፊልም ወደ ዲቪዲ ለመገልበጥ የሞከሩ ሰዎች መቅጃው እምቢ ያላቸው በዚህ ነው። ይኸው ማክሮቪዥን በ2008 ጄምስታር-ቲቪ ጋይድን ጠቅልሎ ገዛ። ቁልፉም ዝርዝሩም በአንድ ባለቤት እጅ ገቡ፤ ኩባንያውም ብዙም ሳይቆይ ሮቪ ተብሎ ስሙ ተቀየረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይፈጥናል። ከማርች 1 ቀን 2007 ጀምሮ ጣቢያ መቀበያ ያለው መሣሪያ ሁሉ ዲጂታል መቀበያ እንዲኖረው የአሜሪካ መንግሥት ግዴታ አደረገ። ይህ ዋጋ ስለጨመረ ብዙ አምራቾች መቀበያውን ጭራሽ አውጥተው መቅጃውን ብቻ መሸጥ መረጡ። ጁን 12 ቀን 2009 የአገሪቱ ትልልቅ ጣቢያዎች የአናሎግ ሥርጭታቸውን ዘጉ። መስመሩ ከሌለ ኅዳጉም የለም። ዝርዝሩ በኬብልና በሲቢኤስ ኔትዎርክ ዲጂታል ጣቢያዎች በኩል ጥቂት ዓመታት ተንገዳገደ፤ በ2013 ሮቪ አቆመው።

በዚያን ጊዜ ነው የመቅጃዎቹ እውነተኛ ልዩነት የታየው። ሰዓታቸውን በእጅ ማስተካከል የሚፈቅዱት እንደ ድሮው ዴክ በእጅ በተሞላ ሰዓት መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ሰዓታቸውን ከዝርዝሩ ጋር ከሚመጣው ምልክት ብቻ እንዲወስዱ ተደርገው የተሠሩት ግን ሃርድ ዲስካቸውም ሞተራቸውም ደህና ሆኖ ሳለ ቀኑን ማወቅ አቃታቸው፤ ቀኑን የማያውቅ መሣሪያ ደግሞ ማክሰኞ ማታ ቅዳ ቢሉት አይቀዳም። ያገለገለ መቅጃ ልትገዙ ከሆነ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንኑ ይሁን፤ ሰዓቱ በእጅ ይሞላል?

ለምን ዛሬ ትገዛላችሁ? በብዙው የኛ ሰው ቤት የሰርግና የክርስትና ካሴት አለ፤ ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም። ካሴትን ወደ ዲስክ ለመገልበጥ መቅጃው ዛሬም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የቤተሰብ ካሴት ላይም የማክሮቪዥን ቁልፍ የለም። ግን ተጠንቀቁ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከተለው 625 መስመር ያለውን ፓል ነው፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 525። አዲስ አበባ የተቀረጸ ካሴት በተራ የአሜሪካ ዴክ ላይ ቢገባ ምስሉ ይንሸራተታል ወይም ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ካሴቱ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት። ዴኩም መቅጃውም ፓል መቀበላቸውን አረጋግጡ። እንደ አገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚጀምረውን ነገር ለመቅዳት መቅጃው ላይ የምትሞሉት 8:00 ነው፤ ከጎኑ ያለውን የማታ ምልክት ማየት አትርሱ።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የዚህ ሁሉ ወራሽ ዲሹ ሥር በተቀመጠው ሪሲቨራችሁ ውስጥ አለ። ሪሞቱ ላይ ኢፒጂ የምትለውን ቁልፍ ንኩ። ዛሬ ዝርዝሩ ከምስሉና ከድምፁ ጋር በአንድ ዲጂታል ጅረት ውስጥ ተሸምኖ ነው የሚመጣው፤ ኅዳግ መፈለግ አይጠበቅበትም። ግን የሚሞላው አሁንም ጣቢያው ነው። አንዳንዱ ጣቢያ የሳምንቱን በሙሉ፣ አንዳንዱ አሁን ያለውንና ቀጥሎ የሚመጣውን ብቻ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ምንም አይልክም። ፍላሽ ሰክታችሁ የምትቀዱ ከሆነ ዝርዝሩን ከማመናችሁ በፊት አንድ ምሽት ፈትኑት፤ ዜናው ሲጀምር ኢፒጂው ላይ ያለው ስም አብሮ መቀየሩን እዩ። ካልተቀየረ ሰዓቱን በእጃችሁ ሙሉት፤ ፊትና ኋላም አሥር አሥር ደቂቃ ጨምሩበት።